ሁለት ቋጠሮ ያለው ቀይ ክር

አዳባ፣ ጥር 9 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለስርጉት ነጋሽ፣ ቴክሳስ ውስጥ ዋይሊ በምትባለው ከተማ፤

እንደምን ከርመሻል ልጄ? የአባቶችሽ አምላክ ስትወጪም ስትገቢም አይለይሽ። እኔ ከቀኝ ጉልበቴ በቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው። እሱም ቢሆን የሚያጉረመርመው ብርድ ሲሆን ነው። ሴት ልጄ ልዩም ጥልፏን እየሠራች ለገበያ ታወጣለች፤ ሰላም በልልኝ ብላሻለች።

ፎቶግራፍሽ ደረሰኝ። ከጠመንጃ መሸጫው ባንኮኒ ኋላ ቆመሽ፣ ከጀርባሽ ያ ሁሉ መሣሪያ ተደርድሮ ሳይ ወንድሜ ነጋሽ ነፍሱን ይማረውና ይህን ሳያይ መሄዱ ቆጨኝ። ፎቶውን ያላሳየሁት ሰው የለም። ፖስታ ቤት የምትሠራው ከበቡሽ «ይቺ ያቺ በክረምት እየመጣች ጥይትዎን ስትወለውል የነበረችው ልጅ ናት?» አለችኝ። እሷ ናት፣ አሜሪካኖች ጠመንጃቸውን እሷ ካላየችላቸው አይተኩሱም አልኳት። ትንሽ ጨምሬ ከሆነ ይቅር በይኝ፤ ብዙ ግን አልጨመርኩም። አንድ ነገር ብቻ አልወደድኩልሽም። በፎቶው ላይ በያዝሽው ጠመንጃ ጣትሽ ወደ ምላጩ ተጠግቷል። እኔ እንደዚያ አላስተማርኩሽም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከጦሩ በጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በአደን ድርጅቱ የአጃቢዎች አለቃ መሆኔን ታውቂያለሽ። የውጭ አገር እንግዳ የደጋ አጋዘን ሊያድን ሲመጣ እኔና በሥሬ ያሉት አጃቢዎች ከኋላው እንሄዳለን። እንግዳው አቁስሎ ከሳተ፣ እንስሳው ገደል ገብቶ ሲሰቃይ እንዳይውል የምጨርሰው እኔ ነኝ። በዚህ ሥራ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ሁለተኛ ጥይት ያስፈለገኝ አንድ ቀን ነው፤ ያን ቀንም በረዶ ይጥል ነበር።

ዘንድሮ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣና ደንብ አወጣ። በመጪው ጥቅምት አጃቢ የሆነ ሁሉ ይፈተናል። በመቶ ሜትር ሦስት ጥይት ይተኮሳል፣ ሦስቱም መዳፍ በሚያህል ክብ ውስጥ መግባት አለባቸው። ያለፈ ይቀጥላል። ያላለፈ ካምፕ ይቀራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ለእንግዳ ውሃ ያሞቃል። ወጣቶቹ ሁሉ መነጽር የተገጠመለት ጠመንጃ ይዘዋል። ሙሉጌታ፣ መተኮስ ያስተማርኩት እኔው ራሴ ነኝ፣ «ጋሼ፣ ለቤልጅግ ጠመንጃዎ መነጽር ያስገጥሙለት እንጂ» አለኝ። ልጁ የተናገረው በቅንነት ነው። እኔ ግን ውሃ ሳሞቅ ታየኝና ደሜ ፈላ።

ዓይኔ እንደሆነ እግዚአብሔር ይመስገን የጭልፊት ነው። መነጽሩ ያስፈለገኝ ደንቡ ስለተለወጠ ብቻ ነው። እዚህ ያለው ጠመንጃ ጠጋኝ ዓለምሸት መነጽር ለመትከል አናቱን አራት ቦታ መብሳት አለብኝ አለ። አናቱ ላይ ደግሞ የንጉሡ ዘመን የአንበሳ ማኅተም አለ። አንበሳው አይበሳም። ሌላ ዘዴ ካለ ጻፊልኝ። ገንዘብ እንዳትልኪ፤ የምፈልገው ዘዴ ነው።

አጎትሽ ሃምሳ አለቃ መኳንንት


ዋይሊ፣ የካቲት 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለሃምሳ አለቃ መኳንንት፤

ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን እመብርሃን ትዳብስልዎ። ልዩን ይሳሙልኝ። እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ሥራ ብቻ ይበዛል።

ስለ ጣቴ የጻፉት ልክ ነው። ፎቶ ያነሳችኝ ልጅ ፈገግ በይ ስትለኝ ተዘናግቼ ነው። አሠሪዬም ፎቶውን አይቶ ተቆጥቶኛል። ሶ፣ ማለቴ ስለዚህ፣ በሁለት አገር ተቆጡኝ ማለት ነው።

ይህን ሥራ እንዴት እንዳገኘሁት ነግሬዎት አላውቅም። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ነበር። አንድ ቀን አንድ ካስተመር ጠመንጃውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ባዶ ነው አለኝ። እኔ እርስዎ እንዳስለመዱኝ ከፍቼ አየሁ፤ አይቼም አላመንኩም፣ ትንሿን ጣቴን አስገብቼ ዳበስኩ። አሠሪዬ ሰባ ያለፈው ሽማግሌ ነው፤ ከኋላ ክፍል ሆኖ ሲያየኝ ቆይቶ ይህን ማን እንዳሳየኝ ጠየቀኝ። አጎቴ ነው፣ ዓይንሽን ብቻ አትመኚ ይለኝ ነበር አልኩት። በሳምንቱ ወደ ኋላ ክፍል አዛወረኝ፤ አሁን ስኮፕ እገጥማለሁ፣ ማለቴ የጠመንጃ መነጽር።

ዋይሊ ዳር ዳሩን አዳዲስ ቤት ተሠራበት እንጂ አሁንም እርሻና ጫካ ነው። ኅዳር ላይ የአጋዘን አደን ሲከፈት አገሩ ሁሉ ጠመንጃውን ተሸክሞ እኛ ጋ ይመጣል። ሰዎቹ እኔን ሲያዩ በትከሻዬ ላይ አሻግረው ሠራተኛው የት ነው ይሉኛል። ሠራተኛዋ እኔ ነኝ ስላቸው ጠመንጃቸውን መልሰው የያዙም አሉ። የምሠራው በአሠሪዬ ጠረጴዛ፣ በአሠሪዬ ካቻቢቴ ነው። እሱ ግን ቃል ገብቶልኛል። አንድ አስቸጋሪ ጠመንጃ ያለ እሱ እርዳታ ከገጠምኩ የራሴ ጠረጴዛ ስሜ ተጽፎበት ይሰጠኛል። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በዚያው ሳምንት ነው። አስቸጋሪው ጠመንጃ የርስዎ ቤልጅግ ይሁን ብዬ ወስኛለሁ።

ዓለምሸት አልዋሸዎትም። የተለመደው አገጣጠም አናቱን በስቶ መነጽሩን ለዓይን አስጠግቶ ማስቀመጥ ነው። ማቀባበያው ሲነሳ መነጽሩን ስለሚመታው እጀታው ተቆርጦ ይታጠፋል። ሌላ መንገድ ግን አለ። የኋላ ማነጣጠሪያው ይነሳና መያዣው በእሱ ቦታ ይታሰራል፣ መነጽሩም ወደ ፊት ይርቃል። አንበሳው አይነካም፣ እጀታው አይቆረጥም፣ አንዲት ቀዳዳ አትበሳም። መነጽሩም ከዓይን ራቅ ብሎ የሚሠራ ዓይነት ይሆናል። ችግሩ ርቀቱ ላይ ነው። በአንድ ጣት እንኳ ከተሳሳትኩ ምስሉ ይጨልማል።

ሶ ልዩ ትለካልኝ። ለተኩስ የሚለብሱትን ይልበሱ፣ ለተኩስ እንደሚቀመጡት ይቀመጡ። ጠመንጃውን ባዶ ያድርጉ፤ ይህን ለርስዎ መንገር አይገባኝም ነበር። ዓይንዎን ጨፍነው ሰደፉን ትከሻዎ ላይ ያሳርፉ፣ ጉንጭዎን እንደ ልማድዎ ያስደግፉ፣ ከዚያ ይክፈቱ። ሳይነቃነቁ ልዩ ከዓይንዎ ጥግ እስከ ኋላ ማነጣጠሪያው ክር ትዘርጋና ሁለቱንም ጫፍ ትቋጥረው። ክሩን በፖስታ ይላኩልኝ።

ይህ ሁሉ ካስቸገረ ግን አዲስ ጠመንጃ መግዣ ልልክልዎ እችላለሁ። ኦቨርታይም እየሠራሁ ስለሆነ አይሳቀቁ።

ልጅዎ ስርጉት


አዳባ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለስርጉት፤

ሰሞኑ ሕማማት ስለሆነ ሰላምታ አልሰጥሽም። ይህ ሲደርስሽ ፋሲካ አልፏልና ያን ጊዜ ጉንጭሽን እንደሳምኩሽ ቁጠሪው።

ደብዳቤሽን ያነበበችልኝ ልዩ ናት። ጽሕፈትሽ ደቋል፤ የቤታችን መብራትም ደካማ ነው። እዚያ አገር ወረቀት ውድ ነው እንዴ? ፊደልሽን አፍታችው እባክሽ። ካስተመር ያልሽውን ልዩ ደንበኛ ማለት ነው ብላ ተረጎመችልኝ፤ ኦቨርታይሙን ግን ሁለታችንም አላወቅነውም።

ትንሿን ጣቴን አስገብቼ ዳበስኩ ያልሽውን ሦስት ጊዜ አስነበብኳት። በሦስተኛው ልዩ አባዬ በቃ አለችኝ። ሠራተኛው የት ነው ለሚሉሽ ሰዎች የምትመልሽውን እኔ አልነግርሽም፤ እጅሽ ይመልስላቸዋል። ብቻ አንገትሽን አትድፊላቸው።

አዲስ ጠመንጃ መግዣ ያልሽው ግን አላስደሰተኝም። ይህ ጠመንጃ ክፍለ ጦራችን ባደረገው የተኩስ ውድድር አንደኛ ወጥቼ የተሸለምኩት ነው፤ የሦስት መንግሥት እህል በልቷል። በደርግ ጊዜ አንበሳውን በሞረድ ፍቀህ አጥፋ ተባልኩ። እሺ አልኩና ጥላሸት በቅባት ለውሼ ቀባሁበት። ተቆጣጣሪው መጥቶ አየ፣ ጠፍቷል ብሎ ፈረመልኝ። አባትሽ ያን ቀን አጠገቤ ነበር፤ ሰውየው እስኪሄድ ሳቁን አፍኖ እንባው ይወርድ ነበር። እንዲህ የተረፈውን አንበሳ አሁን በሰላሙ ጊዜ አላስበሳውም፣ አልለውጠውምም።

ያልሽኝን አድርጌያለሁ። ካፖርቴን ለብሼ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልዩ ሁለት ጊዜ ለካች፤ ሁለቱም እኩል መጣ። ክሩን ከጥልፏ ቆርጣ ነው፤ ቀይ ስለሆነ አይጠፋብሽም። ፖስታው ውስጥ አለልሽ።

ሥራ አስኪያጁ ፈተናውን ለጥቅምት ሃያ ቆርጦታል። እንደ ፈቃዱ።

አጎትሽ መኳንንት


ዋይሊ፣ ሰኔ 10 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ፤

ጋሼ፣ ጠመንጃ መግዣ ያልኩትን ይተዉልኝ፤ በድፍረት አልነበረም። የጥላሸቱን ነገር ለአሠሪዬ ስነግረው ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርስዎን የሚጠራዎት «ሰርጀንቱ»፣ ሃምሳ አለቃው ማለት ነው፣ እያለ ነው።

ክሩ በሰላም ደረሰ። አሠሪዬ የቤልጅግዎን ወንድም ከየት እንደሆነ እንጃ ፈልጎ አመጣልኝ፤ አንበሳ የለውም እንጂ ቁርጥ እሱ ነው። መያዣውን በእሱ ላይ ገጥሜ ሞከርኩ። ከጣራው ላይ ቱንቢ ጥዬ የመነጽሩን ቋሚ መስመር ከቱንቢው ገመድ ጋር አስተካከልኩ። ጠመንጃው ራሱ እንዳያዘምም በውሃ ልክ ያዝኩት። ብሎኖቹን ትንሽ ትንሽ እያልኩ በመስቀለኛ አጠበቅኩ። አራት ቀን ፈጀብኝ፤ አሠሪዬ አንዴም እጁን አላስገባም።

አንድ ነገር ግን አስተካክያለሁ። ክሩን ዘርግቼ በራሴ ለካሁ፣ ከዚያ ሱቁ ውስጥ በነበሩ ሦስት ሰዎች ለካሁ። የአራታችንም የዓይን ርቀት ከክሩ በሦስት ጣት ያጥራል። ልዩ ክሩን ሳትወጥረው ቋጥራዋለች መሰለኝ፤ እንዳይቆጧት፣ ልምድ የሌለው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ነው። ሶ ከክሩ ሦስት ጣት ቀንሼ፣ መነጽሩን በዚያው ልክ ወደ ፊት ገፍቼ ነው ያሰርኩት። መነጽሩን የሚያቅፉትን ቀለበቶች ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጌበታለሁና እንዳይነኩት።

አሠሪዬ አየው፣ ነቀነቀው፣ በአጉሊ መነጽር ብሎን በብሎን ተመለከተው። ከዚያ ጠረጴዛ ጎትቶ ከመስኮቱ ሥር አስቀመጠልኝ። ስሜን በናስ ሳህን ላይ አስቀርጾልኛል፣ በእንግሊዝኛ። ሥሩ ላይ እኔ በአማርኛ ጨመርኩበት። ጋሼ፣ እዚህ አገር ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እንደዚያ ቀን ቀና ብዬ ሄጄ አላውቅም።

የመላኪያ ፈቃዱን አሠሪዬ ጨርሶልኛል። ዕቃውን የሚያመጣልዎ ሳሙኤል ነው፤ ግሬፕቫይን በምትባል ጎረቤት ከተማ ካለ ሆቴል ወደ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ የሰፈራችን ሰው ነው። ከነገ ወዲያ ወደ አገር ቤት ይነሳል። በጥንቃቄ ይቀበሉት።

ልጅዎ ስርጉት፣ ባለ ጠረጴዛዋ


አዳባ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለስርጉት፤

ጤና ይስጥሽ። ዕቃው ደርሷል፣ ሳሙኤልም ጨዋ ልጅ ነው። መያዣው ያለ አንዳች ትግል ገጠመ። አንበሳው እንዳለ ነው። ብሎንሽን ዓለምሸት አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ይህን የሠራ እጅ የተባረከ ነው አለ።

ነገር ግን መነጽሩ አያሳይም። ዙሪያው ጥቁር ነው፣ መሃሉ ላይ የአሥር ሳንቲም ያህል ብርሃን አለ። ምናልባት በመንገድ ተጎድቶ ይሆን ብዬ ለሙሉጌታ ሰጠሁት። ሙሉጌታ ወዲያው ጉንጩን ጣል አድርጎ ጥርት ብሎ ይታየኛል አለ።

ልዩ ክሩን ወጥራ ነው የለካችው። እኔ አይቻታለሁ።

መኳንንት


ዋይሊ፣ ሐምሌ 28 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ፤

እንደምን አሉልኝ? ለጾመ ፍልሰታ በሰላም ያድርስዎ።

ለሙሉጌታ ጥርት ብሎ ከታየው መነጽሩ ደህና ነው ማለት ነው። ጋሼ፣ ራስዎን ወደ ፊት ማስጠጋት ብቻ ነው ያለብዎት። መነጽር ያለው ጠመንጃ እንደ ድሮው አይያዝም፤ ሰው አዲስ ዕቃ ሲይዝ ትንሽ መለማመድ አለበት። ከሰኔ ወዲህ ሃያ ስድስት ጠመንጃ ገጥሜያለሁ። አንድም ሰው ጨለመብኝ ብሎ አልተመለሰም።

ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ ኦኬ? ከዚያ ያሳያል።

ስርጉት


ዋይሊ፣ መስከረም 14 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፤

እንኳን ለዘመን መለወጫ አደረሰዎ። ለመስቀሉም በጤና ያድርስዎ። ሰባት ሳምንት ሙሉ የፖስታ ሳጥኑን ስከፍት ከረምኩ። አልጻፉልኝም። የመጨረሻውን ደብዳቤዬን ቅጂ አውጥቼ አነበብኩትና አፈርኩ። ሃምሳ ዓመት ጠመንጃ ለያዘ ሰው አያያዝ ላስተምር ተነስቼ ነበር።

ስህተቱ የኔ ነው። ክሩ ልክ ነበር። ልዩም ልክ ነበረች፤ ይቅርታ ይጠይቁልኝ።

እንዴት እንዳወቅኩ ልንገርዎ። ባለፈው ቅዳሜ ከአሠሪዬ ጋር ወደ ተኩስ ሜዳ ሄድን። የቤልጅግዎን ወንድም ይዞ ነበር፣ ያለ መነጽር። ተቀመጠና አነጣጠረ። አንገቱን አየሁት። ወደ ኋላ ሳብ አድርጎታል፣ ጉንጩ ሰደፉ ላይ እኛ ከምናስቀምጥበት ርቋል። ክርዎ የሥራ ልብሴ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ወጥቶ አያውቅም። አንዴ እንዳትነቃነቅ አልኩትና ዘረጋሁት። አንዱን ቋጠሮ ዓይኑ ጥግ ያዝኩ። ሁለተኛው ቋጠሮ ማነጣጠሪያው ላይ አረፈ፤ አንድ ጣት አልጎደለ፣ አንድ ጣት አልተረፈ።

ለምን እንዲህ ትይዛለህ አልኩት። የሚሰማን ሰው እንደሌለ አይቶ ነገረኝ። ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ዛፍ ጫፍ ያለውን አሞራ ይለያል፤ አፍንጫው ሥር ያለው ማነጣጠሪያ ግን ጉም ይሆንበታል። ጉሙን ለማሸሽ አንገቱ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ሰውየውም አያውቀውም። ማለቴ፣ ስለ አሠሪዬ ነው የምጽፍልዎት። ሱቁ ውስጥ የለካኋቸው ሦስቱም ሰዎች ከአርባ ዓመት በታች ነበሩ። በሙሉጌታ ዓይን ነው የገጠምኩልዎ ጋሼ።

ስለዚህ ነጩን ምልክት ይርሱት። ፖስታው ውስጥ ትንሽ ቁልፍና አንድ ነጭ ክር አለ፤ ነጩ ክር ሦስት ጣት ነው። የቀለበቶቹን ብሎኖች በቁልፉ ያላሉ፣ መነጽሩን በነጩ ክር ልክ ወደ ራስዎ ይሳቡት። እርስዎ ወደ እሱ አይሂዱ፣ እሱ ወደ እርስዎ ይምጣ። አንገትዎን እንደ ልማድዎ ይያዙ። ሙሉው ክብ ብሩህ ሲሆን ያቁሙ፣ ቋሚውን መስመር ከቱንቢ ጋር ያስተያዩ፣ በመስቀለኛ ያጥብቁ። ከዚያ ከአሸዋ ከረጢት ላይ ደግፈው ሁለት ጥይት ይተኩሱ። ጥይቱ ካዘነበለ መነጽሩ ላይ ያለውን ክዳን ከፍተው ከሥሩ ያለውን ብሎን በሳንቲም ጠርዝ ያዙሩት፤ ቀጭ ባለ ቁጥር በመቶ ሜትር የግማሽ ጥፍር ያህል ይሄዳል። ቀሪውን እርስዎ ያውቁታል።

ለአሠሪዬ እውነቱን ነግሬዋለሁ። የገጠምኩት አስቸጋሪ ጠመንጃ አልሠራም፣ ጠረጴዛውን ያገኘሁት በማይገባኝ ነው አልኩት። ተይ ይቅር አለኝ። እኔ ግን የናሱን ሳህን ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። የርስዎ ሦስት ጥይት ወሬ እስኪመጣ እዚያው ይቆያል።

ይህን የምታደርስልዎ ዘነበወርቅ ናት፣ ዳላስ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ። ነገ ትበራለች፤ ከአዲስ አበባ ወደ አዳባ በአውቶቡስ በሚመጣ ሰው እጅ እንድትልክልኝ አስምዬያታለሁ። ጥቅምት ሃያን አስቤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ደብዳቤው ስለ በዛ ይቅርታ። እዚህ አገር ወረቀት ውድ አይደለም።

ልጅዎ ስርጉት


አዳባ፣ ጥቅምት 24 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ፣ ለጠመንጃ አዋቂዋ ለስርጉት ነጋሽ፤

ሰላምታው ይቆይ። መጀመሪያ መሳቢያውን ክፈቺና ስምሽን ጠረጴዛው ላይ መልሺው።

አሁን እንደምን አለሽ? እግዚአብሔር እጅሽን ይባርክልኝ። ቁልፉና ነጩ ክር ጥቅምት አሥራ አንድ ደረሱኝ። እስከዚያ ድረስ ጠመንጃውን በዘይት አሽቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ያልጻፍኩልሽ ተቆጥቼ እንዳይመስልሽ። ጊዜዬ ያለፈ መስሎኝ ነው፤ ይህን ደግሞ በምን ቃል እንደሚጽፉት አላወቅኩም። ለልዩ ድንኳን መትከልም ሥራ ነው ብያት ነበር። አላመነችኝም።

ያልሽኝን አደረግኩ። መነጽሩን ወደ እኔ ሳብኩት። አንድ ጣት፣ ጥቁሩ ሳሳ። ሁለት ጣት፣ ብርሃኑ ሰፋ። ነጩ ክር ሲያልቅ ሸንተረሩ ላይ ያለው የአስታ ዛፍ ቅጠሉ ተቆጥሮ ታየኝ። ልዩ አጠገቤ ነበረች፤ አባዬ ምን ሆንክ አለችኝ። ጭስ ነው አልኳት። እሳት አልነበረም።

በጥቅምት ሃያ ቀን ለፈተናው ዘጠኝ ሰው ቀረበ። ሥራ አስኪያጁ በዕድሜ ይሁን ብሎ እኔን አስቀደመ፤ ሊገላግለኝ ፈልጎ ይመስለኛል። ጋቢዬን ደርቤ ተቀመጥኩ። ሦስት ጊዜ ተኮስኩ። ወረቀቱን አምጥተው ሲዘረጉት ሁለቱ ተነካክተው መሃል ላይ ናቸው፣ ሦስተኛው ከእነሱ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ነው። ሥራ አስኪያጁ መዳፉን ጫነበት፤ ሦስቱንም ሸፈናቸው። ሙሉጌታም አልፏል፣ የእሱ ግን ተበታትኗል። ምላጩን ይቸኩልበታል፣ ነግሬዋለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ጠመንጃውን ተቀብሎ አገላበጠው። አናቱ ሳይበሳ መነጽር ሲቀመጥ አይቶ አያውቅም። ከየትኛው ፋብሪካ እንደተገዛ ጠየቀኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ «ፋብሪካ አይደለም፤ የወንድሜ የነጋሽ ልጅ በክር ለክታ የሠራችው ነው» አልኩት። አንበሳውንም አሳየሁት። ከትላንት ወዲያ ሁለት አጃቢዎች የራሳቸውን ክር ቋጥረው ይዘውልኝ መጥተዋል፤ እዚህ ፖስታ ውስጥ ናቸው። ሰማያዊው የሙሉጌታ ነው። እሱን ዋጋ አስከፍይው።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። ስለ አሠሪሽ የጻፍሽውን አነበብኩ። የእሱ ነገር በኔም ላይ ከደረሰ አራት ዓመት ሆኖታል። መብራቱ አልነበረም ልጄ። ሩቁ እንዳለ ነው፤ ቅርቡ ነው የጠፋብኝ። መዝሙረ ዳዊቴን የምደግመው በቃሌ ነው፣ መጽሐፉን የምዘረጋው ለሰው ዓይን ነው። መጻፉን እጄ በልምድ ያውቀዋል፤ ለልዩም አልተናገርኩም። ያንቺንም ደብዳቤ ሁልጊዜ እሷ ነበረች የምታነብልኝ።

ይህኛው ስድስት ገጽ ሆኖ መጣ። ፊደሎቹ እንደ ዕንቁላል ትልልቅ ናቸው። ልዩ ገበያ ሄዳ ነበር። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ፣ ወረቀቱን ራቅ አድርጌ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሴ አነበብኩት። ማንም አላገዘኝም። ስትመለስ ያንቺን ይቅርታ ያደረስኩላት እኔ ነኝ፤ እንዴት አወቅክ ብላ ደነገጠች።

ገንዘብ አትላኪልኝ ብዬሽ ነበር፤ አሁንም አትላኪ። ለዳዊቴ የሚሆን የንባብ መነጽር ግን ግዢልኝ። ባለ ሱቁ ቁጥሩ ስንት ነው ካለሽ ቀዩን ክር አሳዪው።

አጎትሽ ሃምሳ አለቃ መኳንንት፣ የአጃቢዎች አለቃ